የመኪና ሳተላይት ራዲዮ፤ በሁለት ኩባንያዎች መካከል የነበረው ምርጫና ትምህርቱ

፩. መግቢያ

ሁለት ነጋዴዎች አንድ ዓይነት ዕቃ ይዘው የቀረቡ እንደ ሆነ ገዥው ዋጋውንና ጥራቱን አመዛዝኖ የተሻለውን ይወስዳል፤ የወሰደው ካልተስማማውም በማግሥቱ ወደ ሁለተኛው ነጋዴ ይሄዳል። የንግድ ውድድር ገዥን ይጠቅማል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ገዥው በዕቃው ለመጠቀም አስቀድሞ አንድ መሣሪያ መግዛት ያለበት ቢሆን፥ መሣሪያውም ለአንደኛው ነጋዴ ብቻ የሚያገለግል ቢሆን፥ ምርጫው እንደ ቀድሞው ነጻ ምርጫ ነው ለማለት ይቻላልን? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው።

ለምርመራችን የወሰድነው ምሳሌ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ኤክስ ኤምና ሲሪየስ የተባሉ ሁለት ኩባንያዎች ለመኪና ነጂዎች ያቀረቡት የሳተላይት ራዲዮ ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ ውድድሩ በ2001 ተጀምሮ በ2008 ስለ ተፈጸመ መነሻውንም መድረሻውንም በአንድነት ለማየት ያመቻል። ሁለተኛ፥ በኤክስ ኤም አመሠራረት ውስጥ አዲስ አበባ ላይ የተወለደ ሰው ያቋቋመው ኩባንያ ድርሻ ነበረው። ይኸው ኩባንያ ለአፍሪካ ያዘጋጀው የሳተላይት ራዲዮ የደረሰበት ዕጣ ከአሜሪካው ጋር ሲነጻጸር ብዙ የሚያስተምረን ነገር አለ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፪. የአገልግሎቱ ጠባይ

የተለመደው የኤፍ ኤም ራዲዮ ከማሠራጫው ግንብ ተነሥቶ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ከራቀ በኋላ እየደከመ ይሄዳል። አሜሪካ ሰፊ አገር ስለ ሆነች ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር ጭነት የሚያመላልስ ሰው በየሰዓቱ ጣቢያ ለመለወጥ ይገደዳል፤ በምዕራቡ በረሃና ተራራማ ቦታ ደግሞ ምንም ጣቢያ የማይሰማበት ረጅም መንገድ ያጋጥመዋል። የሳተላይት ራዲዮ የታሰበው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው። ፕሮግራሙ ከምድር ጣቢያ ወደ ሳተላይቱ ይላካል፤ ሳተላይቱም ተቀብሎ በአገሩ ሁሉ ላይ ይረጨዋል፤ በመኪናው ጣራ ላይ ያለችው ትንሽ አንቴና ትቀበለዋለች። ድምፁ በምስጢር ቁልፍ የተቈለፈ ስለ ሆነ፥ ቁልፉን ፈትቶ የሚያሰማው ወርኃዊ ክፍያ የተከፈለበት መቀበያ ብቻ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሆን የሞገድ ቦታ የተመደበው በ1992 በስፔን አገር በተደረገው ዓለም አቀፍ የራዲዮ ጉባኤ ነው። ለአብዛኛው ዓለም ከ1452 እስከ 1492 ሜጋኸርዝ ያለው ሲሰጥ፥ አሜሪካ ግን ከ2310 እስከ 2360 ሜጋኸርዝ ያለውን ያዘች። ከዚህም ውስጥ የአሜሪካ የፌዴራል መገናኛ ኮሚሲዮን በኤፕሪል 1997 ሁለት ፈቃዶችን በጨረታ ሸጠ። አንደኛውን ሲዲ ራዲዮ የተባለው ኩባንያ በ83.3 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ ይህ ኩባንያ በ1990 የተቋቋመ ሲሆን በ1999 ስሙን ለውጦ ሲሪየስ ተባለ። ሁለተኛውን አሜሪካን ሞባይል ራዲዮ የተባለው በ89.9 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ እርሱም ኋላ ኤክስ ኤም ተባለ። ለእያንዳንዳቸው የደረሳቸው የሞገድ ስፋት እኩል፥ ማለት 12.5 ሜጋኸርዝ ነው። እንግዲህ የተወዳዳሪዎቹ ቍጥር ገና ከመጀመሪያው በሁለት ተወስኖ እንደ ነበር አንባቢ ልብ ይሏል።

፫. የሳተላይቶቹ አቀማመጥና ለሰሚው ያመጣው ልዩነት

ሁለቱ ኩባንያዎች አንድ ዓይነት ሥራ ለመሥራት የተነሡ ቢሆኑም ሰማዩን የተጠቀሙበት መንገድ የተለያየ ነበር።

ኤክስ ኤም «ሮክ» እና «ሮል» የተባሉ ሁለት ሳተላይቶች አዘጋጀ። በማርች 18 እና በሜይ 8 ቀን 2001 በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ካለ ተንሳፋፊ መድረክ ከተተኰሱ በኋላ፥ በምድር ወገብ አንጻር 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፥ አንዱ በ85 ሁለተኛው በ115 ዲግሪ ምዕራብ ተቀመጡ። በዚህ ከፍታ ያለ ሳተላይት ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ከታች ሆኖ ለሚያየው የቆመ ይመስላል።

ሲሪየስ ግን በ2000 ከካዛክስታን፥ ከባይኮኑር፥ ሦስት ሳተላይቶችን ወደ እንቁላል መሳይ ምሕዋር ላከ። እያንዳንዱ ሳተላይት በ24 ሰዓት አንድ ዙር ሲጨርስ 16 ሰዓት ያህል ከምድር ወገብ በስተሰሜን፥ 8 ሰዓት ያህል በስተደቡብ ይቈያል። ሦስት ጊዜ 16 ሰዓት 48፥ ማለት የአንድ ቀን እጥፍ ስለሚሆን፥ ሦስቱ ተራ እየጠበቁ ሲዞሩ በማናቸውም ሰዓት ሁለቱ በአሜሪካ ሰማይ ላይ ይገኛሉ።

ይህ ልዩነት ለመኪና ነጂ ምን ያመጣበታል? በሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ያለችውን የሲያትልን ከተማ እንውሰድ። ከዚያ ሆነው ቢያዩ በ115 ዲግሪ ያለው የኤክስ ኤም ሳተላይት ከአድማስ 35 ዲግሪ ያህል፥ በ85 ዲግሪ ያለው ደግሞ 25 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይገኛል። የሲሪየስ ሳተላይት ግን ተራው ደርሶ ከአገሩ በላይ በሚሆንበት ጊዜ እስከ 60 ዲግሪና ከዚያም በላይ ከፍ ይላል። የራዲዮው ሞገድ ርዝመቱ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ሕንፃና ተራራ ይጋርዱታል፤ ስለዚህ እንደ ፀሐይ ብርሃን ጥላ አለው ብሎ ማሰብ ይቻላል። ቁመቱ 30 ሜትር የሆነ ሕንፃ ሳተላይቱ 35 ዲግሪ ላይ ሲሆን 43 ሜትር ጥላ ይጥላል፤ 60 ዲግሪ ላይ ሲሆን ግን ጥላው 17 ሜትር ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ በሰሜኑ ክፍል፥ በሸለቆና በደን መካከል ለሚነዳ ሰው የሲሪየስ አቀማመጥ ይሻለው ነበር።

ኤክስ ኤም ይህን ድካሙን የሸፈነው በምድር ላይ ነው። ፎቅ በበዛባቸው ከተሞች ውስጥ ያንኑ ፕሮግራም ከምድር የሚደግሙ 800 ያህል አጋዥ ማሠራጫዎች አቆመ፤ ለሲሪየስ ግን 100 ያህል በቁት። እንግዲህ አንዱ ገንዘቡን በሰማይ፥ ሌላው በምድር አፈሰሰ ማለት ነው።

ሁለቱም በአንድ ብልሃት ይስማማሉ። አንዱን ፕሮግራም ከሁለት ሳተላይቶች ሲልኩ ሁለተኛውን ከፊተኛው አራት ሴኮንድ ያህል ያዘገዩታል፤ መቀበያውም ፊተኛውን በማኅደሩ ይዞ ይቈያል። መኪናው ድልድይ ሥር ገብቶ ድምፁ ቢቋረጥ የጐደለው ከሁለተኛው ይሞላል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአራት ሴኮንድ 111 ሜትር ስለሚጓዝ፥ ከዚህ ያነሰ መጋረጃ ለሰሚው አይታወቀውም። ረጅም መሿለኪያና ባለ ምድር ቤት ጋራዥ ግን ሁለቱንም ዝም ያሰኛቸዋል።

፬. የመሥመሮቹ ብዛትና የድምፁ ጥራት

ሁለቱም ኩባንያዎች ሥራ ሲጀምሩ 100 ያህል መሥመሮች እናሰማለን አሉ። ይህ ትልቅ ቍጥር ቢሆንም ዋጋ አለው። የኤክስ ኤም ሥርዓት በአንድ ሴኮንድ የሚያሳልፈው 4 ሚሊዮን ቢት ያህል ነው፤ ይህ ለ100 መሥመር ቢከፋፈል ለአንዱ የሚደርሰው በአማካይ 40 ሺህ ቢት ነው። የሙዚቃ ሲዲ ግን በሴኮንድ 1.4 ሚሊዮን ቢት ያነባል። በመካከሉ ያለውን ልዩነት የሚሸፍነው የሰው ጆሮ ብዙም የማይሰማውን የድምፅ ክፍል እየቀነሰ የሚያጨምቅ የሒሳብ ዘዴ ነው።

መሥመር በተጨመረ ቍጥር የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀንሳል። ለዜናና ለንግግር ጥቂት ቢት ይበቃል፤ ለኦርኬስትራ ሙዚቃ ግን አይበቃም። ስለዚህ «የኔ መሥመሮች ይበዛሉ» የሚለው ማስታወቂያ በሌላ አነጋገር «የእያንዳንዱ መሥመር ድርሻ ያንሳል» ማለት ሊሆን ይችላል። በዚህ በኩል ሁለቱ ኩባንያዎች እጅግም አይበላለጡም ነበር፤ የሞገድ ስፋታቸው እኩል ነውና።

፭. ዋጋና ፕሮግራም

ኤክስ ኤም በሴፕቴምበር 25 ቀን 2001 በሁለት ከተሞች ጀምሮ በኖቬምበር በአገሩ ሁሉ ተሰማ፤ ወርኃዊ ክፍያውም 9.99 ዶላር ነበር። ሲሪየስ በፌብሩዋሪ 2002 በአራት ከተሞች ጀምሮ በጁላይ 1 ቀን በአገሩ ሁሉ ሲሰማ 12.95 ዶላር ጠየቀ። ልዩነቱ በወር ሲታይ ጥቂት ነው፤ በዓመት ግን 35 ዶላር ከ52 ሳንቲም ይሆናል። ሲሪየስ ለዋጋው ብልጫ ያቀረበው ምክንያት የሙዚቃ መሥመሮቹ ማስታወቂያ የሌለባቸው መሆናቸውን ነው። ኤክስ ኤም በአንዳንድ የሙዚቃ መሥመሮቹ ማስታወቂያ ያሰማ ነበር፤ በ2004 ግን ይህን ተወ። በ2005 ደግሞ ዋጋውን ወደ 12.95 ከፍ አደረገ። ስለዚህ በአራት ዓመት ውስጥ ሁለቱ ኩባንያዎች በዋጋም በማስታወቂያም ተመሳሰሉ።

ከዚህ በኋላ መለያው ፕሮግራሙ ብቻ ሆነ፤ ለዚህም የወጣው ገንዘብ አስደናቂ ነው። ሲሪየስ ሃዋርድ ስተርን የተባለውን ታዋቂ ተናጋሪ ለአምስት ዓመት በ500 ሚሊዮን ዶላር ተዋውሎ በጃንዋሪ 2006 ሥራ አስጀመረው፤ ለአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታዎችም 220 ሚሊዮን ዶላር ተዋዋለ። ኤክስ ኤም በበኩሉ የቤዝቦል ጨዋታዎችን ለ11 ዓመት በ650 ሚሊዮን ዶላር ያዘ፤ ኦፕራ ዊንፍሪንም በ55 ሚሊዮን ዶላር ተዋዋለ። እንግዲህ ፉትቦል የሚወድ ወደ ሲሪየስ፥ ቤዝቦል የሚወድ ወደ ኤክስ ኤም መሄድ ነበረበት። ሁለቱንም የሚወድ ሰው ሁለት መቀበያ ገዝቶ ሁለት ጊዜ መክፈል ይኖርበታል።

በተጨማሪም ፕሮግራም በውል የሚኖር ነገር ነው። ናስካር የተባለው የመኪና እሽቅድምድም እስከ 2006 የሚሰማው በኤክስ ኤም ነበር፤ ከ2007 ጀምሮ ግን ወደ ሲሪየስ ተዛወረ። ስለ እሽቅድምድሙ ብሎ የኤክስ ኤምን መቀበያ ከመኪናው ጋር ያስገጠመ ሰው መሣሪያው በእጁ ቀረ፤ የገዛበት ምክንያት ግን ወደ ሌላው ሄደ። ለፕሮግራም ሲባል መሣሪያ መግዛት ምን ያህል የማያስተማምን እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገንም።

፮. መራጩ ማን ነበር?

እስካሁን የዘረዘርነውን፥ ማለት ሰማዩን፥ ድምፁን፥ ዋጋውንና ፕሮግራሙን አመዛዝኖ የሚመርጥ ሰው አለ ብለን ነበር የተናገርነው። አሁን ግን ይህ ሰው በእርግጥ ማን እንደ ነበረ እንጠይቅ።

የመገናኛው ኮሚሲዮን በ1997 ባወጣው ደንብ ባለ ፈቃዶቹ የሁለቱንም አገልግሎት ለመቀበል የሚችል የመቀበያ ንድፍ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። ሁለቱ ኩባንያዎችም በ2000 ይህንኑ በጋራ ለመሥራት ተስማሙ። ነገር ግን ውድድሩ በቈየበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ መቀበያ ወደ ሱቅ አልወጣም። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም፤ እያንዳንዱ ኩባንያ የመቀበያውን ዋጋ ለማርከስ ከኪሱ ይደጉም ስለ ነበር፥ የደጎመው መሣሪያ ለተወዳዳሪው ደንበኛ እንዲያመጣ አይፈልግም። ደንቡ ንድፍ እንዲኖር አዘዘ እንጂ መሣሪያው ተሠርቶ እንዲሸጥ አላዘዘም።

ከዚህም የሚበልጠው ነገር መቀበያው ከፋብሪካ ከመኪናው ጋር ተገጥሞ የሚመጣ መሆኑ ነው። ጄኔራል ሞተርስና ሆንዳ በኤክስ ኤም ውስጥ ገንዘብ ያገቡ ስለ ነበሩ መኪናዎቻቸው የሚመጡት በኤክስ ኤም መቀበያ ነበር፤ ፎርድ፥ ዳይምለር ክራይስለርና ቢ ኤም ደብልዩ ግን ከሲሪየስ ጋር ተዋዋሉ። ስለዚህ ሸቭሮሌት የገዛ ሰው ኤክስ ኤምን፥ ፎርድ የገዛ ሰው ሲሪየስን «መረጠ» ይባላል። እውነቱ ግን ሰውየው የመረጠው መኪናውን ነው፤ ራዲዮውን የመረጠለት የመኪናው ፋብሪካ ነው። ማንም ቢሆን ስለ ራዲዮ ብሎ መኪናውን እንደማይለውጥ የታወቀ ነው።

ከሱቅ የሚገዛ ተነቃይ መቀበያም ነበር፤ በዚህ በኩል ምርጫው በሰሚው እጅ እንደ ነበር አንክድም። ይሁን እንጂ እርሱም ቢሆን ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ምርጫ ነው፤ ከተገዛ በኋላ ወደ ሌላው መሻገር ማለት መሣሪያውን መጣል ማለት ነበርና። ሲሪየስ «የዕድሜ ልክ» ብሎ በ500 ዶላር ያህል የሸጠው የደንበኝነት ውል እንኳ የታሰረው በሰውየው ዕድሜ ሳይሆን በመቀበያው ነበር፤ ይህም ብዙ ዘግይቶ የፍርድ ቤት ክርክር አስነሣ።

፯. የውድድሩ ፍጻሜና ዛሬ የቀረው ምርጫ

በ2007 መጨረሻ ኤክስ ኤም 9 ሚሊዮን ያህል፥ ሲሪየስ ከ8 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ነበሯቸው። ሁለቱም ግን ወጪያቸው ከገቢያቸው ይበልጥ ነበር። በፌብሩዋሪ 19 ቀን 2007 ለመዋሐድ ማሰባቸውን ገለጡ። የመደበኛ ራዲዮ ባለቤቶች ማኅበር ይህ ሞኖፖል ነው ብሎ አጥብቆ ተቃወመ። የአሜሪካ የፍርድ ሚኒስቴር ግን ነገሩን ከመረመረ በኋላ በማርች 24 ቀን 2008 ክስ እንደማያቀርብ አስታወቀ። ካቀረባቸው ምክንያቶች ውስጥ ለጥያቄያችን ዋና የሆነው ይህ ነው፤ መቀበያዎቹ የተለያዩ ስለ ሆኑ የአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው የሚሻገረው ከስንት አንዴ ነው፤ የመኪና ፋብሪካዎችም በረጅም ውል ታስረዋል፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል የነበረው ውድድር የሚታሰበውን ያህል አልነበረም። በአጭሩ ውሕደቱ ሊያጠፋው የሚችለው ውድድር ቀድሞውኑ በመሣሪያው ተበልቶ ነበር ማለት ነው።

የመገናኛው ኮሚሲዮንም በጁላይ 25 ቀን 2008 በሦስት ድምፅ ለሁለት ፈቀደ። ፈቃዱንም ሲሰጥ መነሻው ዋጋ ለሦስት ዓመት እንዳይጨምር፥ ሁለቱንም የሚቀበል መሣሪያ እንዲሸጥ፥ ከመሥመሮቹም ጥቂቱ ለንግድ ላልሆነ ሥራና ለሌሎች አዘጋጆች እንዲለቀቅ ግዴታ ጣለ። አዲሱ ሲሪየስ ኤክስ ኤም ገና ሳይጸና በፌብሩዋሪ 2009 ወደ ኪሳራ ደርሶ ነበር፤ ሊበርቲ ሚድያ የተባለው ኩባንያ 530 ሚሊዮን ዶላር አበድሮ 40 በመቶ ድርሻ በመያዝ አዳነው። የዋጋው ገደብ ካበቃ በኋላ በጃንዋሪ 2012 መነሻው ክፍያ ወደ 14.49 ዶላር ከፍ አለ። እንቁላል መሳዩን ምሕዋር ይዞሩ የነበሩት ሦስቱ ሳተላይቶች በ2016 ከሥራ ወጡ፤ ለመጠባበቂያ ተሠርቶ ሳይተኰስ የቀረው አራተኛው ዛሬ በቨርጂንያ በሚገኘው የስሚዝሶንያን ሙዚየም ይታያል።

ስለዚህ ዛሬ በአሜሪካ በሁለት የሳተላይት ራዲዮዎች መካከል መምረጥ የለም። የቀረው ምርጫ በሳተላይቱና በስልክ በሚመጣው የኢንተርኔት ድምፅ መካከል ነው። የስልኩ ድምፅ የሚመጣው ስልኩ የሚሠራበት መሥመር እስካለ ድረስ ነው፤ በከተማ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ይበቃዋል፤ የፈለገውን በፈለገበት ሰዓት፥ በገዛ ቋንቋውም ያሰማዋል። ሳተላይቱ ደግሞ የስልክ ማማ በሌለበት በረሃ ይሰማል፤ የሰውየውንም የኢንተርኔት ሒሳብ አይነካም። ከ2018 ወዲህ ሁለቱን በአንድ መቀበያ የሚያጣምር መሣሪያ በአዳዲስ መኪናዎች ላይ መገጠም ጀምሯል። በአሜሪካ በታክሲና በከባድ ጭነት መኪና የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ስለ ሆኑ ይህ ልዩነት ለእነርሱ የኑሮ ጉዳይ ነው፤ በከተማ የሚውለው ባለታክሲና ሦስት ቀን በመንገድ ላይ የሚያድረው የጭነት ነጂ አንድ ዓይነት ምክር አያስፈልጋቸውም።

ከዚህም ጋር የክፍያውን ውል ማንበብ ተገቢ ነው። የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ ዋጋው ይለወጣል፤ ማቋረጥም እንደ መጀመር ቀላል ላይሆን ይችላል። የኒው ዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በዲሴምበር 2023 ኩባንያውን የከሰሰው ደንበኞች ውላቸውን ለማቋረጥ ሲፈልጉ ሆን ብሎ ያስቸግራቸዋል በማለት ነበር፤ በኖቬምበር 2024ም ፍርድ ቤቱ የማቋረጫው ሥርዓት የፌዴራሉን ሕግ የሚጥስ ነው ሲል ፈረደ።

፰. ለአፍሪካ የታሰበው ሳተላይት

በመግቢያችን እንደ ጠቀስነው ነገሩ ከእኛ ጋር የሚገናኝበት በኩል አለ። ኖህ ሳማራ ከኢትዮጵያዊት እናትና ከሱዳናዊ አባት በአዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ሕግ ያጠና ሰው ነው። በ1990 ወርልድ ስፔስ የተባለውን ኩባንያ በዋሺንግተን አቋቋመ። ሐሳቡ የኤድስን በሽታ የመሰለ ጉዳይ በአፍሪካ በሰፊው የሚያስረዳ፥ ድንበር የማያግደው ራዲዮ እንዲኖር ነበር። ወርልድ ስፔስ በኤክስ ኤም ውስጥ የነበረውን ድርሻ በ1999 ለቀቀ። አፍሪስታር የተባለው ሳተላይቱም ኦክቶበር 28 ቀን 1998 ከደቡብ አሜሪካ፥ ከኩሩ፥ ተተኵሶ በ21 ዲግሪ ምሥራቅ ተቀመጠ። ይህም ማለት የአፍሪካው ሳተላይት ከኤክስ ኤምም ከሲሪየስም ቀድሞ ሰማይ ላይ ነበር።

ቀዳሚው ግን አልጸናም። ኩባንያው በኦክቶበር 2008 የኪሳራ አቤቱታ አቀረበ፤ በዚያን ጊዜ ከነበሩት ደንበኞች አብዛኞቹ የሚገኙት በአፍሪካ ሳይሆን በህንድ አገር ነበር፤ እዚያም አገልግሎቱ በ2009 መጨረሻ ተዘጋ። ሁለቱን ታሪኮች ስናነጻጽር ልዩነቱ ከሳተላይቱ አለመሆኑን እንረዳለን። የአሜሪካው መቀበያ ዋጋው በመኪናው ዋጋ ውስጥ ተጠቃልሎ ስለሚከፈል ገዥው አይሰማውም ነበር፤ የአፍሪካው ሰሚ ግን በመቶ የሚቈጠር ዶላር ለብቻው አውጥቶ መግዛት ነበረበት። የአሜሪካው በየከተማው ምድራዊ አጋዥ ነበረው፤ የአፍሪካው ግን አንቴናውን ወደ ሳተላይቱ አቅጣጫ አቅንቶ ከቤት የሚሰማ እንጂ በሚሄድ መኪና ውስጥ የሚያገለግል አልነበረም። በአሜሪካ ወርኃዊ ክፍያው በባንክ ካርድ ይሰበሰባል፤ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ግን በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ የመሰብሰቢያ መንገድ አልተስፋፋም። እንግዲህ ሳተላይት ማምጠቅ የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ መቀበያውን ከሰሚው ቤት የሚያደርስ ነጋዴ ማግኘት ነው።

፱. ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከትነው ሦስት ነገር ለመደምደም እንደፍራለን።

አንደኛ፥ አገልግሎትና መሣሪያ አንድ ላይ ታስረው በሚሸጡበት ቦታ ሰው የሚመርጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜም እርሱ ከመምረጡ በፊት ሌላ መርጦለታል። የኤክስ ኤምና የሲሪየስ ውድድር በዋጋም በፕሮግራምም ብርቱ መስሎ ሲታይ፥ በመኪናው ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ግን አንድ አዝራር ብቻ ነበረው።

ሁለተኛ፥ መንግሥት ውድድር እንዲኖር ሲፈልግ ባለ ፈቃዶቹን ሁለት ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ መሣሪያው ለሁሉ የጋራ እንዲሆን ማድረግ ያሻል። ለዚህ ተቃራኒ ምሳሌ የሚሆነን በአገራችን የሚገኘው የቴሌቪዥን ዲሽ ነው። በ2019 ኢትዮ ሳት ሲጀምር ብዙ ሰው ያንኑ የቀድሞ ዲሹን ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ አዞረው እንጂ አዲስ ዲሽ ለመግዛት አልተገደደም፤ መሣሪያው የማንም ጣቢያ ስላልሆነ ተመልካቹ የወደደውን ሊከተል ቻለ።

ሦስተኛ፥ ማናቸውንም እንዲህ ያለ አገልግሎት ለመያዝ የሚያስብ ሰው፥ ራዲዮም ይሁን ሌላ፥ ስለ መሥመሩ ብዛት ከመጠየቁ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ማቅረብ ይገባዋል። ይህ መሣሪያ የሌላውንም ድምፅ ይሰማልን? የወደድኩት ፕሮግራም ነገ ወደ ሌላ ቢዛወር መሣሪያው ምን ያደርግልኛል? ለመውጣት ብፈልግ በሩ እንደ መግቢያው ሰፊ ነውን?

ዛሬ በአገራችን ብዙ አገልግሎቶች በስልክና በወርኃዊ ክፍያ እየመጡ ስለ ሆነ እነዚህን ጥያቄዎች በቅርባችን ባለው ነገር ላይ ማንሣት ይቻላል። የንግድና የምሕንድስና ተማሪዎች ጓደኞቻችን በአንድነት ቢመረምሩት፥ መምህሮቻችንም ጉድለቱን ቢያርሙልን ጠቃሚ ሥራ ይሆናል ብለን እናምናለን።